ደንገልና ታንኳ

1. ስለ አገሩ

ሐሙሲት በደራ ወረዳ፥ ወረታም በፎገራ ወረዳ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ከዚህ መንገድ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው ረባዳ አገር የፎገራ ሜዳ ይባላል። ከጉና ተራራ የሚመነጩት ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ይህን አገር አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሲፈሱ በሜዳው ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የቀረው ደለል ምድሩን ያለመልመዋል። የፎገራ ከብት ስሙ የታወቀው ከዚህ ሣር የተነሣ ነው።

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታም 1,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ እርሱ የሚገቡት ወንዞች ብዙዎች ሲሆኑ ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ናቸው፤ ከእርሱ የሚወጣው ታላቅ ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የተባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። ዳር ዳሩም ለብዙ ርቀት በዘንግ ሊለካ የሚችል ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ደንገል ለመብቀል ተመቸው፤ ሰውም ከዚያው ከደንገሉ ታንኳ ሠርቶ በሐይቁ ላይ መሄድን ከጥንት ጀምሮ ለመደ።

2. ስለ ደንገል

ደንገል በውሃ ዳርና በረግረግ የሚበቅል ተክል ነው። ለበዓል በቤት ውስጥ የሚጐዘጐዘው ቀጤማ የቅርብ ዘመዱ ነው። ነገር ግን ደንገል ከቀጤማ እጅግ ይረዝማል፤ ውሃና ፀሐይ ከተመቸው ከ4 እስከ 5 ሜትር ድረስ ያድጋል። ዘንጉ ቅጠል የለውም፤ በጫፉ ላይ ብቻ እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ብዙ ቀጫጭን ጭራዎች ይታዩበታል። ተማሪ ዘንጉን በምላጭ ቈርጦ ቢመለከተው ሦስት ማዕዘን ያለው ሆኖ ያገኘዋል። ውስጡም ነጭና ለስላሳ ነው፤ በዚያም ነጭ ነገር ውስጥ አየር የሞላባቸው ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ደንገል በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ስለዚህ አየር ነው።

ሥሩ በጭቃው ውስጥ ወደ ጐን እየተዘረጋ ይሄዳል፤ ከሥሩም ላይ አዲስ አዲስ ዘንግ ይወጣል። እንግዲህ ይህን ነገር በደንብ ማስተዋል ይገባል፤ ደንገል ዘንጉ ሲቈረጥ አይሞትም፥ ሥሩ ሲነቀል ግን ይሞታል። በጊዜው የሚያጭደው ሰው በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ያገኘዋል፤ ሥሩን ነቅሎ ምድሩን የሚያርሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያገኛል።

የደንገል ጥቅም ለታንኳ ብቻ አይደለም። ወንዞች ከደጋ የሚያመጡትን አፈር አግዶ ያስቀራል፤ ውሃውንም ያጠራል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጥልቀት በሌለው በሣራሙ ዳር ይራባል። ወፎች ጎጇቸውን በደንገሉ መካከል ይሠራሉ፤ በክረምታቸው ከኤውሮጳ ተነሥተው የሚመጡት ወፎችም በፎገራ ረግረጎች ያርፋሉ። ሰው ከደንገል ሰሌን፥ ቅርጫትና የቤት ክዳን ይሠራል። ስለዚህ ደንገል የጠፋበት ሐይቅ አጥር እንደሌለው ጓሮ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

3. ስለ ታንኳ አሠራር

የታንኳ ሥራ በማጨድ ይጀመራል። ባለሙያው የበሰለውን ዘንግ ከሥሩ በላይ ያጭዳል። ለጋ የሆነው ውሃ የበዛበት ስለሆነ ለታንኳ አይረባም፤ ስለዚህ ይተወዋል። የታጨደውም ደንገል በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ለጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይቀላል፥ ከርጥቡም ይልቅ ይንሳፈፋል።

ከዚህ በኋላ ዘንጎቹ በነዶ በነዶ ይታሰራሉ። ነዶዎቹም ጐን ለጐን ተገጥመው በልጥ ወይም በገመድ እየተሰፉ ይጠብቃሉ። ማሰሪያው የላላ እንደ ሆነ ውሃ በሚመታው ጊዜ ነዶዎቹ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ባለሙያው በጕልበቱ እየረገጠ ያጠብቀዋል። የፊተኛው ጫፍ እየቀጠነ ወደ ላይ እንዲቀና ይደረጋል፤ ይኸውም ማዕበሉን እንዲሰነጥቅና በደንገሉ መካከል መንገድ እንዲከፍት ነው። በመጨረሻም ከውስጥ በኩል ሌላ የደንገል ንጣፍ ይጨመርበታል። ውሃ በታችኛው ነዶ መካከል መግባቱ ስለማይቀር ሰውና ዕቃ እንዳይርስ የሚቀመጠው በዚህ ንጣፍ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ ምስማር የለም፥ ሳንቃም የለም። ከአንድ ሰው በቀር የማይዝ ትንሽ ታንኳ አለ፤ ብዙ ሰው፥ እህልና ማገዶ የሚጭን ትልቅም አለ። ነገር ግን የታንኳ ዕድሜ አጭር ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ዕድሜውን ለማስረዘም ከሥራ በኋላ ሁሉ ከውሃ አውጥቶ በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ባረጀም ጊዜ ባለቤቱ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ታንኳ ያለው ሰው በየዓመቱ ደንገል ያሻዋል፤ ደንገሉ ካለቀ ሙያው በእጁ እያለ ታንኳ ሊያገኝ አይችልም።

በጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦ ሰዎች በታንኳ ሥራና በዓሣ ማጥመድ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። የደንገሉን ብስለት፥ የነፋሱን ጊዜና የዓሣውን መንገድ አባት ለልጁ እያሳየ ያስተምራል። በቀድሞ ዘመን ግን ሙያቸውን ፈልገው ራሳቸውን የሚንቁ ብዙዎች ነበሩ። ይህ ያለማወቅ ሥራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ ያወጡት እንዲህ ያለው ንቀት አገርን ስለሚጐዳ ነው። በታንኳው ተሻግሮ የታንኳውን ሠሪ የሚንቅ ሰው ባለውለታውን የካደ ነው።

4. በታንኳ ስለሚደረግ አጭር ጕዞ

በታንኳ ለመሄድ የተመረጠው ጊዜ ማለዳ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ለትንሽ ታንኳ አደገኛ ይሆናል። ልጅ ብቻውን በታንኳ ሊወጣ አይገባውም፤ የሚቀዝፈው ሰው ሐይቁን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ተሳፋሪው ሲገባ አይዘልም፤ እጁን በታንኳው ጐን ላይ አሳርፎ በቀስታ በመካከሉ ይቀመጣል። ቀዛፊው ረጅም ሽመል ይይዛል። ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት ሽመሉን ወደ ጭቃው ተክሎ ይገፋል፤ ጥልቅ በሆነበት ደግሞ አንድ ጊዜ በቀኝ፥ አንድ ጊዜ በግራ እየመታ ይቀዝፋል።

መጀመሪያ የሚታየው በሁለት ወገን እንደ ግንብ የቆመው ደንገል ነው። ታንኳው በመካከሉ ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፍ የሜዳው ድምፅ ይቀራል፤ የከብቱ ጩኸትና የእረኛው ዋሽንት ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል። የሚሰማው የሽመሉ ምት፥ የወፍ ድምፅና የደንገሉ መንሿሿት ብቻ ነው። ውሃው ጥላ ስለሆነ ቀዝቀዝ ይላል። ጥቂት ከተሄደ በኋላ ደንገሉ ይከፈታል፤ ሰፊው ሐይቅ ድንገት በፊት ይገለጣል። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር በኩል ገዳሙ የታወቀው ጣና ቂርቆስ በዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። ቀዛፊው ጉማሬ ያለበትን ስፍራ ያውቃልና ከዚያ ርቆ ይዞራል።

በዚህ ጊዜ ተማሪ የሆነ ተሳፋሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤

«ጋሼ፥ ውሃው ወደ ታንኳው እየገባ ነው፤ አንሰምጥም?» ይላል።

ቀዛፊውም፥ «አይ ልጄ፥ ይህ እንደ ሳንቃ ጀልባ ሆዱ ባዶ አይደለም። የሳንቃ ጀልባ ውሃ ከሞላበት ይወርዳል፤ ይህ ግን ራሱ ደንገሉ ነው የሚንሳፈፈው። የሚያሰጋው ሳይደርቅ የሰነበተ ታንኳ ነው» ብሎ ይመልስለታል።

ይህ መልስ አጭር ቢሆንም እውነተኛ ትምህርት ነው። በመጽሐፍ ስለ መንሳፈፍ የተማረ ልጅ፥ አየርን የያዘ ቀላል ነገር በውሃ ላይ እንደሚቀመጥ፥ አየሩ በውሃ በተተካ ጊዜ ግን እንደሚከብድ በዓይኑ ያያል። ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ጕዞ የብዙ ቀን ትምህርት ይሆናል ማለት ነው።

5. ስለ ሌሎች አገሮች ታንኳ

በአጠገብ ከሚበቅል ተክል ጀልባ መሥራት በኢትዮጵያ ብቻ ያለ ጥበብ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ቶቶራ ከሚባል ሣር ታንኳ ይሠራሉ። በኢራቅ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች ላይ ሰዎች እንደ ቅርጫት በተሠራ ክብ ጀልባ ይሻገሩ ነበር።

በቬትናም አገር ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ከቀርከሃ ተፈትሎ እንደ ትልቅ መሶብ የተሠራና በሙጫ የተለቀለቀ ክብ ጀልባ አላቸው። ሆይ አን ከተባለችው ጥንታዊ ከተማ አጠገብ ባለው በካም ታን መንደር በውሃ ውስጥ የሚበቅል ዘንባባ አለ፤ ሰዎች የኮኮናት ጫካ ይሉታል። የመንደሩ ሰዎች እንግዶችን በቅርጫት ጀልባቸው አሳፍረው በጫካው መካከል ጥቂት ጊዜ ያዞሯቸዋል፤ በዚህም ገንዘብ ያገኛሉ። እንግዳው የሚመጣው ጀልባውን ብቻ ለማየት አይደለም፤ ጫካውም ቆሞ ስላለ ነው። ጫካው ቢመነጠር ኖሮ ክቡ ጀልባ የሚዞርበት ስፍራ አይኖረውም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የግብፅ ታሪክ ለጣና ሰው የቀረበ ነው። የጥንት ግብፃውያን ከደንገል ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ ለጽሕፈት የሚሆነውንም ወረቀት ከእርሱ ያዘጋጁ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስም ሕፃኑ ሙሴ በወንዝ ዳር የተቀመጠበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ትንቢተ ኢሳይያስም በምዕራፍ 18 ላይ ከኢትዮጵያ ወንዞች ጋር የደንገል መርከቦችን ያነሣል። ነገር ግን ረግረጉ እየታረሰና እየተለወጠ ስለ ሄደ ያ ሁሉ ደንገል ከግብፅ ምድር ጠፋ ለማለት እስኪቻል ድረስ አነሰ።

በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ሆነ ለመመርመር አሰበ። መርከቡን የሠራው በግብፅ በፒራሚዶች አጠገብ ነበር፤ ደንገሉን ግን ያስመጣው ከጣና ሐይቅ ነው፤ ሠሪዎቹም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። «ራ» የተባለችው ይህች መርከብ ከሞሮኮ ተነሥታ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደች፤ ወደ አሜሪካ ደሴቶች ከቀረበች በኋላ ግን የኋላዋ ወገን ረግቦ ስለ ፈረሰ ጕዞው ተቋረጠ። በግብፅ ጥንታዊ ሥዕሎች ላይ ከመርከቡ የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታይ ነበር፤ ጥቅሙ ስላልተስተዋለ ቀርቶ ነበር። ያ ገመድ የኋላውን ወገን ደግፎ የሚይዝ መሆኑ የታወቀው በባሕር ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1970 ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች የተሠራችው ሁለተኛዋ መርከብ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ የአሮጌ ሙያ ትንሽ ክፍል ጥቅሙ ባይታወቅም በከንቱ የተጨመረ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ግብፅ የራሷን ደንገል ካጣች በኋላ ለመርከቡ የሚሆን ደንገል ከጣና መፈለጉ ነው። እንግዲህ የጣና ደንገል ቢያልቅ የጣና ሰው ከወዴት ይፈልጋል?

6. ደንገል ስለ መመናመኑ

ይህ ጥያቄ ባዶ ሥጋት አይደለም። ቀድሞ በፎገራና በደራ ዳርቻ በስፋት የቆመው ደንገል ዛሬ በብዙ ስፍራ ተመናምኗል። ምክንያቱም አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው እርሻ ነው። በፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ ከተጀመረ ወዲህ ውሃ የሚተኛበት ምድር ብዙ ዋጋ አገኘ፤ ወረታም የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ሩዝ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗልና አይነቀፍም። ነገር ግን እርሻው እስከ ሐይቁ ዳርና እስከ ረግረጉ ድረስ በተገፋ ጊዜ ደንገሉ ከነሥሩ ተነቀለ፤ ሸሸርና ወለላ የተባሉት የፎገራ ረግረጎችም ውሃቸው እየተሳበና ዳርቻቸው እየታረሰ ጠበቡ።

ሁለተኛው የሐይቁ ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1996 ጨረጨራ በተባለው ስፍራ የዓባይን መውጫ የሚቈጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ2003 የሐይቁ ውሃ እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ ዳሩ ተራቈተ፥ ሰዎችም በተራቈተው ምድር ላይ ዘሩበት። በበጋ ሣር ሲያልቅ የሚሰማራው ከብትም ለጋውን ዘንግ ይበላዋል፥ ሥሩንም ይረግጠዋል።

ሦስተኛው እምቦጭ ነው። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ በጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ነው። አበባው ያማረ ቢሆንም ፈጥኖ ይባዛል፤ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል፤ የታንኳና የዓሣ መንገድ ይዘጋል። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች በውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው እየነቀሉ ወደ ዳር አውጥተዋል። ነገር ግን ከተነቀለው የቀረው ቍራጭ እንደ ገና ስለሚባዛ ሥራው በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ አይደለም።

7. ምን ማድረግ እንደሚገባ

የጣና ሐይቅ በ2015 በኤውሮጳ አቈጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ብቻውን ደንገል አያበቅልም፤ የሚያበቅለው በዳሩ የሚኖረው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ገበሬ በእርሻውና በሐይቁ መካከል የደንገል ዳር ቢተው ለራሱ ይጠቅመዋል፤ ማዕበልና ጎርፍ የሚበሉት አፈር የእርሱ ነውና። እረኛ ከብቱን ለጋ ደንገል ከሚያቈጠቍጥበት ስፍራ ቢያርቅ ለሚመጣው ዓመት ያተርፋል። ደንገል የሚያጭድ ሰው የበሰለውን ወስዶ ለጋውን ቢተው፥ ሥሩንም ባይነካ ሀብቱ አያልቅበትም። እምቦጭ የሚነቅል ሰውም ደንገሉን አብሮ እንዳይነቅል መጠንቀቅ አለበት፤ የነቀለውንም አረም ወደ ውሃ በማይመለስበት ስፍራ ያከማቸው። ደንገል ጠፍቶ በቀረበት ዳር ደግሞ ሥሩን ከሌላ ስፍራ ጥቂት ወስዶ መትከል ይቻላል፤ የሚተከልበት ጊዜና ስፍራ ከግብርና ባለሙያና ከታንኳ ሠሪ ጋር ተመክሮ ይመረጣል።

ዛሬ በጣና ላይ የሞተር ጀልባ አለ፤ ለሩቅ መንገድና ለብዙ ጭነት የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ የሞተር ጀልባ ነዳጅ ይፈልጋል፥ ዋጋውም ለድኻ ዓሣ አጥማጅ ከባድ ነው። ታንኳ ግን ከማጭድ፥ ከገመድና ከሙያ በቀር የሚጠይቀው የለም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደንገሉ እስካለ ድረስ ነው። አጫጁ ሥሩን የተወለት ደንገል በሚመጣው ዓመት ለልጁ ታንኳ ይሆናል።

የቃላት ፍች

ረባዳ፤ ዝቅ ያለ ሜዳ።
ደለል፤ ጎርፍ ይዞት የሚመጣ ለስላሳ አፈር።
ልጥ፤ ለማሰሪያ የሚሆን የተላጠ ቅርፊት።
ሽመል፤ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ።
ቀዛፊ፤ ጀልባን በውሃ ላይ የሚነዳ ሰው።
ተመናመነ፤ ጥቂት በጥቂት እያነሰ ሄደ።

ጥያቄ

1. ደንገል በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ስለምንድን ነው?
2. ታንኳ ከሥራ በኋላ በፀሐይ የሚደርቅበት ምክንያት ምንድን ነው?
3. ደንገልን ማጨድና ደንገልን መንቀል ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. የ«ራ» መርከብ የኋላ ወገን የረገበው ስለምንድን ነው? ከዚህስ ምን ትምህርት ይገኛል?
5. በመንደራችሁ አጠገብ ባለው ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ቀድሞ ምን ይበቅል እንደ ነበረ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ዛሬ ካለው ጋር እያስተያያችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።